ኬላው የሚቆምበት መሬት

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጭቃ ውጦት ነበር። ያን ጊዜ ገና ቀያሽ አልሆነም፤ ባሕር በአፈር ሲሞላ፣ ከመኪና የሚገለበጠውን በአካፋ የሚያስተካክል የቀን ሠራተኛ ነበር። ከላይ ደረቅ የመሰለው መሬት ከሥሩ እንደ ሊጥ የላላ ኖሯል። አንድ ጊዜ ሲረግጥ እስከ ጉልበቱ፣ ሲታገል እስከ ወገቡ፣ ሲጮህ እስከ ደረቱ ገባ። ሰዓቱ ደግሞ ባሕሩ ሞልቶ የሚመጣበት ነበር። ሌሎቹ ከዳር ሆነው «አትንቀሳቀስ!» እያሉ ሲጮኹ፣ አንድ ሸምገል ያለ ፎርማን ሁለት ሳንቃ አነጠፈና በሆዱ እየተሳበ መጣ። ብብቱን ይዞ ሲያወጣው ውሃው አገጩ ደርሶ ነበር። ጫማዎቹ እዚያው ቀሩ።

ፎርማኑ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገለት፣ «ስማ ልጄ፣ አዲስ መሬት እንደ አዲስ አማች ነው። ፊቱ ደረቅ ነው፤ ሆዱን ግን አብረኸው ሳትከርም አታውቀውም» አለው።

ያ ልጅ መሬትን በዓይኑ ማመን ተወ። መለኪያ ተሸክሞ ጀመረ፤ ቁጥር ማንበብ፣ ኋላም ራሱ መቀየስ ተማረ። በአርባ ዓመት ውስጥ የለካው ተለክቶ፣ ያለው ተብሎ የሚቀር ሰው ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ውሃ ልክ» አሉት። ስሙን ይወደው ነበር፤ ሲጠሩት አንገቱ ቀና ይላል።

ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ሲቀረው የኬላው ጉዳይ መጣ። ከጎረቤት አገር የሚመጣው ትልቅ ድልድይ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ እዚህ ያርፋል፤ በዚህ ጫፍ የጉምሩክ አዳራሽ፣ የፓስፖርት መስኮቶች፣ የከባድ መኪና መፈተሻና የአውቶቡስ ማቆሚያ ያለበት ታላቅ መተላለፊያ ይሠራል። ቦታው ከባሕር በአፈር ከተነጠቁት ሁለት መሬቶች አንዱ ላይ ነው። የደቡቡ ሙሌት አሮጌና ጠባብ ነው፤ ከድልድዩም ይርቃል። የሰሜኑ ሰፊ ነው፤ ከድልድዩ እግር ሥር ነው፤ ግን ከተሞላ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ የሰሜኑ መሬት ዐርፏል ወይስ ገና እየሰጠመ ነው?

ይህን የሚያውቀው ውሃ ልክ ነው። በሙሌቱ ውስጥ ከመሬቱ ጋር አብረው የሚወርዱ ሃያ አራት የብረት ሳህኖች ተቀብረዋል፤ በየወሩ የእያንዳንዱን ከፍታ እየለካ ይመዘግባል። መዝገቡ እንደሚለው በዘጠኝ ዓመት የወረዱት ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ኮሚቴው ተደሰተ። ሐሙስ ጠዋት የጎረቤት አገር ሰዎች ባሉበት ሊፈረም ተቀጠረ።

ሰኞ ዕለት በእግረኛው መንገድ ወደ ሰሜኑ ሙሌት ሲሄድ፣ ሁልጊዜ ሰላም የሚለውን ባለጋሪ አገኘው። ባለጋሪው ጋሪውን ከአሮጌው የድንጋይ ዳርቻ ወደ ሙሌቱ ለማውረድ ረጅም ሳንቃ እየዘረጋ ነበር።

«ሳንቃ ቀየርክ እንዴ?» አለው።

«ሦስተኛዬ ነው ጋሼ። የመጀመሪያው ክንዴን ያህል ነበር። ይኸኛው ከሚስቴ ይረዝማል፤ እሷም አጭር አይደለችም።»

«ምን ሆኖ?»

«ከድንጋዩ መውረጃው እርከን ያድጋላ! ልጆቼ እንኳ እንደ እሱ አላደጉልኝም።»

ውሃ ልክ ሳቀ። ወዲያው ግን ዝቅ ብሎ እርከኑን በእጁ ሰነዘረ፤ አንድ ተኩል ስንዝር ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የድንጋዩ ዳርቻ የቆመው ከአለት ላይ ነው፤ አለት አያድግም። እርከኑ ካደገ የወረደው ሙሌቱ ነው። የመኪናውን መንገድ በየዓመቱ አስፋልት እየደረቡ ያስተካክሉታልና ማንም አላየም። እግረኛውን መንገድ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ታዲያ መዝገቡ ለምን ሁለት ሳንቲሜትር አለ? መልሱን እዚያው እንደ ቆመ አወቀው።

ቀያሽ ከፍታ የሚለካው የማይነቃነቅ ከሚባል መነሻ ነጥብ ተነሥቶ ነው። የድሮው ነጥብ ከአሮጌው የመብራት ማማ ሥር፣ አለቱ ላይ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በማማውና በሙሌቱ መካከል መጋዘኖች ተሠሩና እይታውን ጋረዱት፤ ዞሮ ለመለካት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ነጥቡን ሙሌቱ በር ላይ ወዳለው የብረት ምሰሶ እግር አዛወረው። ባለቁጥሩን የመለኪያ ዘንግ ይይዝለት የነበረው ባልደረባው ያን ጊዜ፣ «በየዓመቱ ከአለቱ ጋር እናመሳክረው እንጂ» ብሎት ነበር።

«ምሰሶው ከአለት የደረሰ ነው። ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ነበር መልሱ።

ባልደረባው ዳግመኛ አላነሣም።

ማታ ቤቱ ገብቶ ከገበታው ፊት ተቀምጦ ቀረ።

«እራቱ ምን በደለህ?» አለች ሚስቱ። «ወይስ እሱንም ልትለካው ነው?»

ነገራት። ሳህኖቹም፣ ምሰሶውም፣ እሱም አንድ ላይ እየሰጠሙ እንደ ነበር ነገራት። «መርከብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያለውን ወንበር እየለካ መርከቡ መስጠሙን በምን ያውቃል?» አላት።

እሷ የገበታውን ጨርቅ ጠርዝ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች። «ስምንት ወር ነው የቀረህ። ጡረታህን ቢነኩትስ? ዝም ብትል ማን ያውቃል?»

«ባለጋሪው ያውቃል።»

«አይ አንተ ሰውዬ!» አለች፤ መሳቅ ቃጥቷት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርግጠኛ ነህ ግን? በስንዝር ነው እኮ የለካኸው። ሰው በስንዝር ስሙን ይቀብራል?»

ማክሰኞ ማለዳ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ መብራት ማማው ሄደ። ባልደረባው ፈቃድ ላይ ነበርና ባለቁጥሩን ዘንግ እንዲይዝለት ባለጋሪውን ለመነው።

«እኔ ጭነት እንጂ ዱላ ይዤ ቆሜ አላውቅም» አለ ባለጋሪው።

«ቀጥ አድርገህ ያዘው፤ ሌላ ሥራ የለህም።»

«ይኸማ የሹም ሥራ ነው!»

መጋዘኖቹን እየዞሩ፣ መሣሪያውን እያቆሙና እየነቀሉ ሰባት ሰዓት ፈጀባቸው። ባለጋሪው መጀመሪያ ሲቀልድ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌው አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሲያነብ አየና ቀልዱን ተወ። ምሰሶው እግር ሲደርሱ ውሃ ልክ አነበበ፣ ደመረ፣ ቀነሰ። ምሰሶው ሠላሳ አንድ ሳንቲሜትር ሰጥሟል።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አለ ባለጋሪው።

«ሳንቃህ ልክ ነው» አለው።

ረቡዕን ሙሉ የድምር ስሕተት ፈለገ። ከላይ ወደ ታች ደመረ፤ ከታች ወደ ላይ ደመረ። ዕድሜ ልኩን ስሕተትን ሲጠላ የኖረ ሰው ያን ቀን አንዲት ስሕተት ብትገኝለት ስለት ይገባላት ነበር። አልተገኘችም። ለመሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ሊነግር ወደ ቢሮዋ ሦስት ጊዜ ሄደ፤ እንግዶቹን ይዛ ወጥታለች አሉት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አለመገኘቷ ደስ እንዳሰኘው ታወቀውና አፈረ።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ጠረጴዛው መካከል የኬላው ትንሽ ምስል በመስታወት ተሸፍኖ ቆሟል፤ ጣት የማያክሉ መኪኖች ሳይቀሩ ተደርድረውበታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ብዕሩን ከፍቶ፣ «እንግዲህ ውሃ ልካችን አንድ ቃል ይበሉንና እንፈርም» አለ። ሰዉ ፈገግ አለ።

የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ።

«መሬቱ አላረፈም» አለ። «የምለካበት ነጥብ ራሱ ሠላሳ አንድ ሳንቲሜትር ሰጥሟል። የዘጠኝ ዓመቱ መዝገብ አይጠቅማችሁም።»

ፈገግታው ከፊቶቹ ላይ አንድ በአንድ ጠፋ። ዋናዋ መሐንዲስ እንደ አባቷ የምታከብረው ሴት ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ነጥቡን ከአለቱ ጋር ያመሳከሩት መቼ ነው?» አለችው።

«ከትናንት ወዲያ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ይህችን ጥያቄ ነበር ሦስት ቀን የፈራት።

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት። አመሳክር ተብዬ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። ሌላ ሰው እንዳትጠይቁበት።»

ሰብሳቢው ብዕሩን ዘጋ። «እንግዶች ፊት?» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ዘጠኝ ዓመት ተኝተው ዛሬ ነቁ?»

ውሃ ልክ ተቀመጠ።

ሌሎች ቀያሾች መጥተው ሦስት ሳምንት ለኩ፤ ሠላሳ አንድ አሉ። ኬላው ወደ ደቡቡ ሙሌት ተዛወረ፤ ለመንገዱ ተጨማሪ ዓመት ሄደ። ለውሃ ልክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ የፈረመችበት ዋናዋ መሐንዲስ ናት። ስትሰጠው ቀና ብላ አላየችውም። ጡረታውን አልነኩበትም፤ መሣሪያውን ግን ተቀብለው ቀሪዎቹን ወራት መጋዘን ውስጥ ዘንግና ችካል እንዲያስረክብ አደረጉት። ባልደረባው ከፈቃድ ሲመለስ ወደ መጋዘኑ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ «ዘንጌን ስጠኝ፣ አንተ ተማሪ» አለው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ዛሬ በዚያ ኬላ መኪናና ሰው ቀኑን ሙሉ ይተላለፋል። በሰሜኑ ሙሌት ላይ የቀረው ሣርና የባለጋሪው ሳንቃ ነው፤ አራተኛው።

ሽማግሌው ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ ስለ ሐሙስ ማውራት አይወድም።

«በስብሰባው መናገሬን እንደ ጀግንነት የሚያወሩ አሉ» ይላል። «ሐሙስማ ምን አማራጭ ነበረኝ? ቁጥሩ እጄ ላይ ነበር። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማክሰኞ ነው። ያን ጊዜ የነበረኝ ስንዝር ብቻ ነበር፤ ዐይቼ እንዳላየ ብሆን ማንም አይፈርድብኝም፤ እኔም ራሴን እሸነግለው ነበር። መሣሪያውን ተሸክሜ ወደ አለቱ ስመለስ ግን ምን እንደማገኝ አውቅ ነበር። ያ ፎርማን በሆዱ ሲሳብ ሳንቃው እንደሚይዘው እርግጠኛ አልነበረም። እኔ እንኳ ሳንቃ የሚሆነኝ ባለጋሪው ነበረኝ፤ ዘንጉን ሰባት ሰዓት ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ።»