ክንድ ላይ የታሰረ ወረቀት

«እጁን ልቀቅ ብዬሃለሁ!»

«እለቃለሁ፣ አባባ። ግን በቅቤ አሽተው ጥብቅ አድርገው ካሰሩት ጣቶቹ እስከ ማታ አይቆዩም።»

«አርባ ዓመት አጥንት ገጥሜያለሁ። አንድ ጣት ሞቶብኝ አያውቅም፣ ወላሂ!»

«ይሄኛው ይሞታል። ጥፍሮቹን ይዩ።»

ሁለቱም የተንበረከኩት በአንድ ሰው ግራና ቀኝ ነበር። ሰውየው ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተኝቶ የጃኬቱን ኮሌታ ነክሷል። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ክንድ በማይታጠፍበት ቦታ ታጥፏል። ጣቶቹ ነጥተዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር ወደ ሰማያዊ መሄድ ጀምረዋል።

እኛ የቀረነው ዙሪያቸውን ቆመናል። ቦታው ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ሲጀምር ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ይወርድብናል።

አዛውንቱ ከኩታበር የመጡ ወጌሻ ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። የታሰሩት ለቆሰለ ሰው እግር ገጠሙ ተብለው ነው፤ የማን ወገን እንደሆነ ሳይጠይቁ። ሌላኛው ከሁለት ቀን በፊት ነው የገባው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ አለን። ጥፋቱም ከአባባ ጥፋት አይለይም፤ የቆሰለ ሰው አክሟል። በእሱ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ተጽፎበታል። ውጭ አገር ተምሮ ያገኘው የስፔሻሊስትነት ማስረጃ ሐሰተኛ ነው ተብሏል። ማኅተሙን የሚያውቀው ሰው አልተገኘም።

«ወረቀትህስ?» አልኩት። ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ቀና ብሎ አየኝ። «እነሱ ጋ ነው።»

«እንግዲያው በምን እንመንህ?»

ደሴ ውስጥ አንዲት የፎቶ ኮፒና የላሚኔት ሱቅ ነበረችኝ። አሁንም አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማስረጃ በእጄ ያልፋል፤ ዲግሪ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድ። ሐሰተኛውን በጣቴ እለያለሁ እያልኩ እመካ ነበር። በትርፍ ጊዜዬ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። መጋዘኑ ውስጥ ያስገባችኝም ባለ ስምንት መስመር ግጥም ናት። ሲወስዱኝ የላሚኔት ማሽኑን እንኳ አላጠፋሁም። ማሽኑ ተቃጥሎ ይሆን እያልኩ ከራሴ በላይ ለእሱ የተጨነቅኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

ሐኪሙን ያላመንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሳምንት በፊት ጠበቃ ነኝ ያለ ሰው አብሮን ታስሮ ነበር። አዳመጠን፣ አጽናናን፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ወጣ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ለእሱ ብቻ በነገሩት ነገር ለምርመራ ተጠሩ። ከዚያ ወዲህ ሙያውን የሚናገር ሰው ሲመጣ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ እንላለን።

ክንዱ የተሰበረው ሰው ግን እንዲህ የምንጠረጥረው አልነበረም። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ኬሚስት፤ ሳሙና የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት በለሆሳስ መዝሙር ይዘምራል። አባባ «አንተ ጴንጤ፣ ሹክሹክታህም ጣሪያ ይነቀንቃል» እያሉ ይቀልዱበታል። ከባሕር ዛፍ ዘይት ተነስቶ የጦስኝ ጠረን ያለው ኬሚካል የሚሠራበት ዘዴ አግኝቶ ፓተንት አስመዝግቧል። ጃኬቱ ውስጥ ያ ጠረን ሰርጎ ቀርቶ ነበር። መጋዘኑ ሲከረፋብን «እስቲ ጃኬትህን ወዲህ በለው» እንለውና በየተራ አሽትተን እንመልስለታለን።

ያሰሩት ለዚሁ ፓተንት ነው። ቤቱ ሲፈተሽ ወረቀቶቹ ተገኙ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕሎች፣ በቀስት የተያያዙ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው። መርማሪዎቹ የምሽጎች ካርታ ነው አሉ። እሱ የካርቦን ቀለበት ነው አለ፤ ሽታ ያላቸው ብዙ ነገሮች እንዲህ እንደሚሣሉ አስረዳ። ማስረዳት ይወድ ነበር። በአሥረኛው ቀን «ስድስቱ ማዕዘን ላይ እነማን ናቸው ያሉት?» ብለው ሲጠይቁት ሳቅ አመለጠው። ክንዱን ሰብረው የመለሱት በማግስቱ ረፋድ ነው።

እናም ያን ረፋድ የሁላችንም ዓይን ያቺን ክንድ ያያል። አባባ ከቤተሰብ የመጣላቸውን ቅቤ በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል፤ ሐኪሙ የኬሚስቱን አንጓ በሁለት ጣት ይዟል።

«ትርታው የለም» አለ ሐኪሙ። «አጥንቱ ደም ሥሩን ረግጦታል። መጀመሪያ መሳብ አለበት። ማሸት አይደለም።»

አባባ ቅቤዋን አስቀመጡ። ጥቂት አሰቡና ግራ ክንዳቸውን ዘረጉለት።

«እጅጌዬን ሳትገልጥ ንካ። ያየኸውን ንገረኝ።»

ሐኪሙ ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው አነሳ። ጣቶቹ ከክርናቸው ወደ አንጓቸው ወረዱ፣ ተመለሱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረው ነበር፤ በልጅነትዎ። አንዱ ቀጥ ብሎ ገጥሟል። ሌላው ሲገጥም ትንሽ ዞሯል።» መዳፋቸውን ዳሰሰና «ዱዓ ሲያደርጉ ይህ መዳፍዎ እንደ ቀኙ ወደ ላይ አይገለጥም» አላቸው።

አፍሬ አቀረቀርኩ። በየማለዳው አይቼዋለሁ። አንዱ መዳፋቸው ወደ ሰማይ ይከፈታል፣ ሌላው ወደ ጎን ያዘነብላል። አንዱ ለሰማይ አንዱ ለምድር ብዬ በልቤ መስመር ቋጥሬለት ነበር። ለካ አጥንት ነው።

«ማን ገጠመዎት?» አለ ሐኪሙ።

«አባቴ። ሙያውንም ያወረሱኝ እሳቸው ናቸው።»

«ያለ ራጅ? እጃቸው ጎበዝ ነበር።»

«ዞሯል አልከኝ እኮ!»

«ዞሯል።»

አባባ እጅጌያቸውን ቁልቁል ጎተቱ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ፈገግታም አልነበረም። «በል ያዘው» አሉ። «ከላይ እኔ እይዝልሃለሁ። ካበላሸኸው ግን ከኔ ጋር ነህ።»

አባባ የላይኛውን ክንድ አቀፉ። ሐኪሙ የታችኛውን ይዞ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዘገየ ሰዓት ሳበ። እኔ የውሃ ካርቶን እንዳጥፍና ፎጣዬን በረጅሙ እንድቀድ ታዝዣለሁ። ኬሚስቱ በኮሌታው ውስጥ ጮኸ። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የምገልጽበት ቃል እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው። ከዚያ ሐኪሙ ክርኑን በልክ አጠፈው፣ ካርቶኑን ከሥሩ በፎጣው ቅዳጅ አሰረለትና ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ አድርጎ ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን።

«መጣ» አለ።

አባባ የእሱን ጣቶች አንስተው የራሳቸውን አስቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ። መጣ።»

«ሃሌሉያ» አለ ኬሚስቱ ከወለሉ ላይ።

«ቀስ በል አንተ፣ ጥበቃው ሠርግ ያለ ይመስለዋል።»

ሳቅን። ኬሚስቱም ኮሌታውን ከአፉ አውጥቶ «ስታሸቱት የከረማችሁትን እኔ በላሁት» አለ።

ያልሳቀው ሐኪሙ ብቻ ነው። «አልጨረስንም» አለ። «ይሄ ቢበዛ እስከ ነገ ነው የሚይዘው። ደሴ ሄዶ በብረት መያያዝ አለበት። አለዚያ ተመልሶ ይንሸራተታል።»

በሩን ደበደብን። ማንም አልመጣም፤ እንደገና ደበደብን። የእስር ቤቱ ኃላፊ የመጣው አባባ የከሰዓቱን የአሱር ሰላት ከጨረሱ በኋላ ነው። ሰው የሞተ መስሎት ይሆን? ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር። በአንድ እጁ የተተየበ ወረቀት፣ በሌላው ላሚኔት የተደረገ ማስረጃ ይዟል። ላሚኔቱን ከሩቅ ለየሁት፤ ወፍራሙ ዓይነት ነው፤ ደሴ ውስጥ አይገኝም።

«የአጥንት ሐኪሙ የታለ?»

«ፋይሉ ላይ ሐሰተኛ የተባለውን ነው?» አለ ሐኪሙ፣ ሳይነሳ።

ኃላፊው የተተየበውን ወረቀት ሰጠው። ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። እስረኛው ከመያዙ በፊት በሥራ ቦታው ከመሰላል ላይ ወድቆ ክንዱ መሰበሩን አረጋግጣለሁ ይላል።

«ሰውየው ከገባ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው» አለ ሐኪሙ። «ስብራቱ የትናንት ነው።»

«ያለዚህ ወረቀት አላስወጣውም። ፈርም፤ መኪናው ውጭ ቆሟል።»

«ሐሰተኛ ሐኪም ቢፈርም ምን ይረባሃል?»

ኃላፊው ላሚኔቱን አነሳ። «ተጣርቷል። ትክክለኛ ነው።»

«መቼ ተጣራ?»

«ዛሬ።»

ከጥግ የሆነ ሰው ሳቀ። እኔ ነኝ። ኃላፊው ሲያየኝ አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

ሐኪሙ ወደ ኬሚስቱ ዞረ። «ክንዱ ያንተ ነው። ምን ትላለህ?»

«ብትፈርም የሰበሩኝን ንጹሕ ታደርጋቸዋለህ።»

«አዎ።»

«ባትፈርምስ?»

«ነገ ጣቶችህ ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ በኋላ እጁን የሚያድነው ሰው አይገኝም። የሚቆርጠው ነው የሚገኘው።»

ኬሚስቱ ቀኝ እጁን አየ፤ እነዚያን ቀለበቶች የሣለበትን እጅ። ሙቀት የተመለሰላቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ሊያንቀሳቅሳቸው ሞከረ። ከዚያ በግራ እጁ ፊቱን ሸፈነና «ፈርም» አለ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ኃላፊው ፊርማውን አንዴ አይቶ ወረቀቱን አጠፈና ላሚኔቱን መለሰለት። «አንተም አብረኸው ውጣ። ደሴ ስትደርሱ ትለቀቃለህ» አለው።

ያኔ ነው መጋዘኑ የቀዘቀዘው። ከጎኑ የነበሩ ሁለት ሰዎች ምንጣፋቸውን ሰብስበው ራቁ። አንዱ «ርካሽ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይናገር። እኔም ፊቴን አዞርኩበት። በስምንት መስመር እውነት የታሰርኩ ሰው ነኛ! ለሚዋሽ ሰው ፊት መስጠት የማልችል መስሎኝ ነበር።

ከተፈታሁ ከጊዜ በኋላ፣ ያለፈው ክረምት፣ ኬሚስቱ ሱቄ ድረስ መጣ። ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም፤ በሦስቱ ይጽፋል። ከቦርሳው አንድ የተኮማተረ ላሚኔት አወጣና ሊቃና ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ላብና ደም በጠርዙ ገብቶ ጽሑፉን አደብዝዞታል፤ ላስቲኩ የክንድ ቅርጽ ይዞ ደርቋል። ማሽኑን አሙቄ አየሁት፤ አይሆንም። አይቃናም አልኩት። ሐኪሙ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደሚሠራና ማስረጃውን ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረኝ። ስለዚያች ፊርማ አንድ ጊዜ ብቻ አውርተዋል። «በሕይወቴ የፈረምኩት ሐሰተኛ ወረቀት እሱ ብቻ ነው፤ እነሱ እውነተኛ ያሉኝም ለእሱ ብቻ ነው» ብሎታል። እንቅልፍ ይነሳኛል ወይም አይነሳኝም አላለም። እኔን ይነሳኛል። እኔ ብሆን እምቢ ብዬ የሰው እጅ አስቆርጬ ግጥም እጽፍበት ነበር።

ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም። ፊቴን አዙሬ ቆሜያለሁ፤ የማየው ከትከሻዬ በላይ ነው።

የካርቶኑ ድጋፍ በላብ ረጥቦ መልፈስፈስ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ነካካውና ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ በእጁ የያዘውን ላሚኔት በቁመቱ እንደ አሸንዳ ጎበጥ አደረገ። የታተመው ስሙ ወደ ውስጥ ሆነ። ከኬሚስቱ ክርን ሥር አስገባው፣ ለካው፣ ያዘው።

«የሚያስር ሰው» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አባባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። የተረፉትን የፎጣዬን ቅዳጆች ከወለሉ ለቅመው ሄዱና ጎንበስ አሉ። አንዱን ዙር አዞሩ፣ ሁለተኛውን አዞሩ፣ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንዴት ላጥብቀው፣ ዶክተር?»

ዶክተር ሲሉት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

«አንድ ጣት ያሳልፍ፣ አባባ።»

አባባ ቋጠሩት። ጣታቸውን አስገብተው ሞከሩት። ከዚያ የቋጠሩትን ትንሽ አላሉት።

«አብሽር» አሉት ለኬሚስቱ። የዞረ መዳፋቸውን ሐኪሙ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

ኬሚስቱ ተነሳ። ጃኬቱን ሊለብስ አልቻለምና ጥሎልን ሄደ። ሐኪሙ ከጎኑ ሆኖ ክንዱን ከሥር እንደ ሙሉ ሳህን በሁለት እጁ ደግፎ ወሰደው። ደፍ ላይ ሲደርሱ «ከፍ አድርገው፣ ከልብህ በላይ» ሲለው ሰማሁ። ዞሬ አንድ ቃል ልናገር አፌን ከፈትኩ።

በሩ ተዘጋ።