የሸዋረጋ ፍልሰታ በፔናንግ

ሸዋረጋ በሰው አገር፣ በፌርፋክስ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሃያ አንድ ዓመት ወጥ ሠርታለች። ደንበኛው ፊቷን አያውቀውም፤ እጇን ግን ያውቀዋል። እሷ ዕረፍት በወጣችበት ቀን አንድ ጉርሻ ቀምሰው "ዛሬ ሸዋ የለችም እንዴ?" የሚሉ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ማለዳ ከመኖሪያ ሰፈሯ ከሃውቶርን ትመጣለች፣ ሽንኩርቷን ትከትፋለች፣ ድስቷን ትጥዳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ኤልሻዳይን ያሳደገችው፣ ዌስትውድ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ልካ ያስተማረችው በዚሁ ሥራ ነው። የሌላ አገር ምግብ ግን አይሆንላትም። ኤልሻዳይ ሱሺ ቤት ልትወስዳት ስንት ጊዜ ለምናት እምቢ ብላታለች።

አንድ ቀን ኤልሻዳይ ሱሬሽ የሚባል የሥራ ባልደረባዋን ይዛ መጣች፤ ሊጋቡ ነው። ልጁ የማሌዢያ ሰው ነው፣ ፔናንግ ከምትባል ደሴት። ሟች አባቱ ታሚል ሕንዳዊ፣ እናቱ ቻይናዊት።

"ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?" አለችው ሸዋረጋ።

"እኔማ የፔናንግ ልጅ ነኝ" አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አላት።

እናቱ ሜይ ሊን ሙሽራዋ ከነእናቷ ቤቷ ድረስ መጥተው እንዲያዩዋት ፈለገች። ችግሩ ጊዜው ነበር።

"ሁለታችንም ቬኬሽን የምናገኘው ኦገስት ላይ ነው፣ እማዬ።"

"ኦገስት ፍልሰታ ነው።"

"ሶ? እዚያም እኮ ምግብ አለ።"

ሸዋረጋ በዚህ "ምግብ አለ" በሚለው ነገር አላመነችም። ሻንጣዋን በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በሚጥሚጣና ለአንድ መንደር በሚበቃ ኮሎ ሞላችው። ከዚያ አውሮፕላን ቀያይረው፣ ጆርጅ ታውን ከሚባለው ከተማ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ።

ሜይ ሊን አጠር ያለች፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። ሱሬሽ "ሥጋ አትበላም" ብሎ ነግሯት ስለነበር ከጠዋት ጀምራ የጎመን ዓይነት ስትጠብስ ነው የዋለችው። ሸዋረጋ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቃ ቀረበች። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ቃሪያው ደማቅ፣ ሽታውም የሚጣራ ነበር። አንድ ጊዜ አነሳች። ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል ከቅጠሉ ሥር ከነጭራዋ የተቆለመመች ትንሽ ሮዝ ነገር አየች። ሽሪምፕ! በፍስክ እንኳ የማትነካው የባሕር ነፍሳት። ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና "ጠገብኩ" አለች።

የሜይ ሊን ፊት ጠቆረ።

በማግስቱ ኑድል የሚሉት ቀጭን ፓስታ ቀረበላት፤ ያ የሽሪምፕ ሽታ ሲመጣባት ሆዴን አመመኝ ብላ ተነሣች። በሦስተኛው ቀን ኤልሻዳይ በሩን ዘግታ ተቆጣች።

"እማዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ኮሎ! ሴትየዋ የናቅሻት መስሏታል። ትናንት ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ አይቻታለሁ።"

"ምን ልበላት ታዲያ? ምግብሽ ውስጥ ነፍሳት አለበት ልበላት?"

ኤልሻዳይ በሩን ከፍታ ወጣች። ሸዋረጋ የራሷ ንግግር አሳፈራት። ሰው ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ቆሞ የሠራው ምግብ ሳይነካ ሲመለስ ምን እንደሚመስል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ እያሰበች ኮሎዋን እፍኝ አድርጋ ስትቆረጥም በሩ ተንኳኳ፤ ሜይ ሊን ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ሳትጠየቅ ከኮሎው ጥቂት ቆነጠረች፣ ቆረጠመች።

"ይኼ ጥሩ ነው" አለች። "የእኔ ግን ጥሩ አይደለም?"

"ጥሩ ነው!" አለች ሸዋረጋ። ከዚያ በኩሽና እንግሊዝኛዋ፣ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻት። "ቤተ ክርስቲያን። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ዓሣ የለም። አሥራ አምስት ቀን። ሽሪምፕ ደግሞ መቼም የለም።"

ሜይ ሊን ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ይኼ ነው እንዴ? ታላቅ እኅቴ እኮ ለሃይማኖቷ ብላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጾመኛ ናት! ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹን ቤት እየተዉ ለብቻቸው ይወጡ ጀመር። ሜይ ሊን በአንድ መንገድ ወሰደቻት፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቻይናዎቹ ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱዎቹ፣ መስጊዱ፣ ሁሉም እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ጉልላት በታየ ቁጥር አጠገቡ የሚበላ ነገር አለ። ሕንዶቹ ዘንድ የሙዝ ቅጠል አነጠፉላት፤ ሩዝ፣ ምስር፣ ሦስት ዓይነት አትክልት ደረደሩበት። ማንኪያ ፍለጋ ዞር ስትል ዙሪያዋን ያለው ሰው ሁሉ በቀኝ እጁ ነው የሚበላው። እሷም እጇን ታጥባ ገባችበት።

በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቶሳይ የሚባል ቂጣ ይጋግራሉ። ሊጡን በጭልፋ ብረቱ ላይ አፍስሰው ሲያዞሩት ዓይን አወጣ። ሸዋረጋ ቅጠሏን ትታ አጠገባቸው ቆመች።

"የቦካ ነው?"

ሰውየው አልገባቸውም፤ ሊጡን ስታሸትት ግን ገባቸው። "ሩዝና ምስር" አሏት፤ አንድ ጣታቸውን አሳይተው "አንድ ሌሊት።"

እሷ ሦስት ጣቷን አወጣች። ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ሦስት ሌሊት የሚቦካ ሊጥ ሰምተው አያውቁም። ምሳ ሰዓት ነበርና ሰው እስከ መንገድ ተሠልፎ ሁለቱ ስለ እርሾ በእጅ ምልክት ሲያወሩ ቆዩ።

ሌላ ቀን የሜይ ሊን ጓደኛ ኑራይኒ ተቀላቀለቻቸው፤ ሻሽ ያሰረች ማላይ ሙስሊም። የገቡበት የምግብ አዳራሽ በአንድ ወገን የማላዮቹ፣ በሌላ ወገን የቻይናዎቹ ነው፤ የሳህኑ ቀለም እንኳ ይለያያል። ሦስቱም ከየወገናቸው የየራሳቸውን ይዘው መጡና አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ሜይ ሊን የአሳማ ሥጋ አምጥታ ነበርና ኑራይኒ በቀኝ፣ ሸዋረጋ በግራ ወንበራቸውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ሳብ አደረጉ። እርስ በእርስ ተያዩና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሸዋረጋ የደሴ ልጅ ናት። ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑና ለእስላሙ ሁለት ሰንጋ፣ ሁለት አራጅ እንደሚዘጋጅ ማንም አላስተማራትም፤ እዚያው ውስጥ ነው ያደገችው። ሰው በየሳህኑ ተለያይቶ በአንድ ወሬ መሳቅ እንደሚችል ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ እነሱም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀር "ዛሬ እኔ ነኝ የማበስለው" አለች ሸዋረጋ። ሜይ ሊን እጇን እያደረቀች "ጥሩ፣ ግን ጾመኛዋ እኅቴም ትመጣለች፤ እሷ ደግሞ ሽንኩርት አትበላም፤ ቀዩንም ነጩንም" አለቻት።

ሸዋረጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርት የለም? ዕድሜዋን በሙሉ ጠዋቷን ከሽንኩርት ውጪ በምን ጀምራ ታውቃለች? በርበሬዋ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ። ሽሮዋም ውስጥ አለ። ያ ሁሉ ሻንጣ ለምንም አልጠቀመም። ቆይታ ቆይታ ሚጥሚጣዋን አስታወሰች፤ እሱ ንጹሕ ነው። ዝንጅብሉን እንደ ሽንኩርት አድቅቃ ከተፈችው፣ ቲማቲሙን ዘይት ላይ ውሃው እስኪመጥጥ አቁላላችው፣ እርድ ጣለችበት፣ ድንችና ካሮቱን ጨመረች። ክኩን ለብቻው ቀቀለች። እጇ ሁለት ጊዜ ሳታውቀው ሽንኩርት ፍለጋ ወደ ቅርጫቱ ሄዶ ተመለሰ።

የሜይ ሊን ታላቅ እኅት ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ትንሽ፣ ዝምተኛ ሴት። አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ሸዋረጋ አፋቸውን አየች። ሁለተኛ ቀመሱ፤ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ጨምሪልኝ አሉ። ከዚያ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አለች ሸዋረጋ።

ሜይ ሊን እየሳቀች "ነገ ለምን ትሄዳለች ነው የምትለው" አለቻት።

ፌርፋክስ ተመልሳ ያንን ወጥ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለእትዬ ቀለመወርቅ አቀመሰቻቸው። "ሸዋ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ማን ይገዛዋል?" አሉ። ረቡዕ ረቡዕ ይሞከር ተባለ። በመጀመሪያው ረቡዕ ሦስት ሰው አዘዘ፤ አንዷ ኤልሻዳይ ነበረች። አሁንም ከአሥር አይበልጡም፤ ሸዋረጋ ግን ማቆም አልፈለገችም።

ሠርጉ ጥር ላይ እዚሁ ሆነ። ሜይ ሊን ኑድሏን ያለ አሳማና ያለ ሽሪምፕ ሠራች፤ የሱሬሽ አጎቶች ቶሳይ ጋገሩ፤ ዶሮ ወጡን የፌርፋክስ ሴቶች ያዙት። ሸዋረጋን ወደ ኩሽናው ዝር እንዳትል ከለከሏት። ከእንግዶቹ መሐል አስቀምጠው፣ ሳህኗን እነሱ ሞሉላት። የሞሉላትን ሁሉ በላች፣ ኑድሉንም ሳይቀር፤ ከዚያ ለመደነስ ተነሣች።