ጎማ ውስጥ ያደገችው መፋቂያ

አፋር፣ ሎጊያ ከተማ ውስጥ ጥላ መቁረጥ ወንጀል አለመሆኑ እስካሁን ያናድደኛል። ይህን ሙቀት ችሎ የሚኖር ሰው እንዴት መጥረቢያ ያነሳል?

ከወሎ መጥቼ ምግብ ቤት የከፈትኩት በጅቡቲ መንገድ ዳር፣ ሐጂ ከምንላቸው የሰፈሩ ሰው በተከራየሁት ቤት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት የመፋቂያ ቁጥቋጦ ነበረች፤ አፋሮቹ አዳይቶ ይሏታል። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሷ አረንጓዴ ናት። አንድ ሾፌር ደንበኛዬ ጅቡቲም ባሕሩ ዳር፣ ጨው በጠገበው አሸዋ ላይ እንደምትበቅል ነግሮኛል። ቅርንጫፎቿ ወደ መሬት ተንዠርግገው ጎጆ ስለሚሠሩ ሾፌሮቹ ከሥሯ ምንጣፍ አንጥፈው ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ሐጂም ቢሆኑ የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሰው እየፋቁ እኔ ጋ ሻይ ሳይጠጡ አያልፉም ነበር።

አንድ ጠዋት ያንኑ መፋቂያ በጉንጫቸው ወትፈው፣ "ይቺ ነገር ትነሳና ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሁን" አሉ።

"ሐጂ፣ መኪናው የሚቆመው እኮ ለሷ ብሎ ነው።"

"መኪና የሚቆመው ቦታ ሲያገኝ ነው። አንቺ ወጥሽን ሥሪ።"

ብናገር ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ፈቃድ ላሳድስ ሰመራ ደርሼ ስመለስ ጉቶዋን አገኘሁ። ምርጡ መፋቂያ ከሥሩ ነው ስለሚባል ቆራጮቹ ሥሯንም መቆፈር ጀምረዋል። እንባዬ መጣ፤ ንዴቴ ግን ቀደመው። አካፋውን ከአንዱ እጅ ነጥቄ ጉድጓዱን መልሼ ደፈንኩት። ከጎረቤት ጋራዥ የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ለምኜ፣ እያንከባለልኩ አምጥቼ ጉቶዋ መሐሉ እንድትገባ አጋደምኩት። ፍየል እንዳይደርስባት ዙሪያውን እሾህ ከመርኩ። የዕቃ እጣቢም እደፋላት ጀመር። ጨው የለመደች ናት፣ ከኔ እጣቢ ምን ትሆናለች?

ሐጂ መጡ። "ይሄ ጎማ ምንድነው? መኪና በየት ይዙር?"

"ጎማው የተነሳ ቀን እኔም እነሳለሁ። ድስቴን ጭኜ ከመንገዱ ወዲያ ዲቾቶ ከተማ ሄጄ እከፍታለሁ።"

"ለጉቶ ብለሽ?"

"ለጉቶ ብዬ።"

ልጆቼን የማበላው ከዚያ ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ የሳቸው ነው። ውጪ ቢሉኝ መድረሻ የለኝም፤ ዲቾቶንም በመኪና ከማለፍ በቀር አላውቃትም። እሳቸው ጎማውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጎማውን እንዳለ ትተው ሄዱ።

ማቆሚያ የተባለው ቦታ ባዶውን በፀሐይ ነደደ። ጥቂት ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ይጋደማሉ፤ ሌሎቹ ጥላ ፍለጋ አልፈውኝ ሄዱ። ገበያዬ ቀዘቀዘ። ሰፈሩ "የጎማዋ እብድ" ይለኝ ጀመር፤ ይበል። እኔ እጣቢዬን መድፋት አልተውኩም።

ቆይቶ ከጎማው መሐል ወፈር ያሉ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ውለው አድረው ቅርንጫፍ ሆኑና ከእሾሁ በላይ ወጡ። አንድ ንጋት ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ እጃቸው እንደ ድሮው ሳያስቡት ወደሷ ተዘረጋ። የያዝኩትን የሻይ ትሪ በእጃቸውና በቅርንጫፏ መሐል አስገባሁ።

"ሐጂ፣ መፋቂያ ሱቅ አለልዎት" አልኳቸው። "ሻይዎ ግን ደርሷል፣ ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ መፋቂያቸውን ገዝተው ነው የሚመጡት።