ዘንዶው በወንድሜ ድምፅ

ዛሬ ጠዋት መጽሐፍ ሳነብ እናቴ ከጓዳ ወጥታ የሞተውን ወንድሜን ስም ጠራች።

መጽሐፉ የዘንዶዎች ልብ ወለድ ነው፤ ፊልም ሆኖ ሊመጣ ነው ሲባል እንደገና ጀምሬው ነበር። (ሥራ ፈላጊ ምሩቅ ጊዜ አያጣም።)

ልጅ ሳለሁ፣ አንኮበር እያለን፣ መጽሐፉን ያነበበልኝ ወንድሜ ነው። ዲያቆን ስለነበር እንደ ወንጌል በዜማ ነበር የሚያነበው። ዘንዶው ሳይቀር በዜማ ነበር የሚቆጣው።

ለካ ዛሬ ሳላውቀው፣ ጮክ ብዬ፣ በእሱ ዜማ እያነበብኩ ኖሯል።

«እሱ መስሎኝ እኮ ነው» አለች እናቴ።

መጽሐፉን ልዘጋው ስል አጠገቤ ቁጭ አለች። «ተው፣ አትዝጋው። ጨርስልኝ።»

ፊልሙን በጉጉት ስጠብቅ ከርሜ አሁን ፈራሁት። ተዋናዩ አንዴ ዘንዶውን ሆኖ ከተናገረ የወንድሜን ድምፅ ቢያጠፋብኝስ?

እናንተስ፣ ስታነቡ የማን ድምፅ ይሰማችኋል?