ገቢ የሆነው ሲዲ

ኮምፒውተር የሚያሳብደው ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሲበላሽ በንዴት፣ ሲሠራ በደስታ ያሳብደኛል። ከደብረ ማርቆስ ጂንካ ተመድቤ ስመጣ መሥሪያ ቤታችን ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩት። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ደስ ሲለው ይሠራል፣ ሦስተኛው ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይከበራል። እኔ የትምህርት ባለሙያ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ቀን ፕሪንተሩ የዋጠውን ወረቀት ጎትቼ ስላወጣሁ በቃ፣ የቢሮው የኮምፒውተር ሊቅ ሆንኩ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

ያን ጊዜ ኢንተርኔት ብርቅ ነበር። ሪፖርት የሚሄደው በፍላሽ፣ ፍላሹ የሚሄደው በመኪና ነው። ሃና ወደምትባለው ከተማ መኪና ከተገኘ የሚሄደው ሰው የሁሉንም ክፍል ፋይል በአንድ ፍላሽ ሰብስቦ ይይዛል። ፍላሹም በየደረሰበት ኮምፒውተር እየተሰካ ይመለሳል። ሪፖርቱ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ቫይረሱ ግን ጠፍቶ አያውቅም። መድኃኒቱ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው፤ "ፎርማት አድርገው" ይሉሃል። ፍላሹን ከነያዘው ሁሉ ባዶ አድርገው ማለታቸው ነው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ የአሪ ልጅ ናት። ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በአሪኛ የንባብ መጽሐፍ ታዘጋጅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን ካኮ እየሄደች ከእናቶችም ከሽማግሌዎችም ተረት ለቀመች፤ ከዚያ በሁለት ጣት ጽፋ ጨረሰች። ዓርብ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። መጽሐፉን ካዩት ይታተማል፤ ካላዩት የዚያ ዓመት ልጆች ያለ መጽሐፍ ትምህርት ይጀምራሉ።

ሰኞ ዕለት ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም፣ "አምጪው፣ ፊደሉን ላሳምርልሽ" አልኳት። ፍላሿን ተቀብዬ ሰካሁት። ከሃና የመጣው ፍላሽ ጠዋት እዚያው ተሰክቶ እንደነበር ረስቼዋለሁ። አርባው ተረት በዓይናችን ፊት አርባ "ሾርትከት" ሆነ፤ ሲጫኑት የትም የማያደርስ ባዶ ምልክት። ሌላው ቅጂ የነበረበት ኮምፒውተር ደግሞ ክረምት ላይ መብራት ሄድ መጣ ሲል ተቃጥሏል።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "አንተ ነህ አምጪው ያልከኝ" አለች ቀስ ብላ። ቢሮው ሁሉ ከበበኝና እየተቀባበለ "ፎርማት አድርገው" ይለኝ ጀመር። ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ለማንም አልሰጥም አልኩ።

አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። ከወራት በፊት ከተማ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ገጹ እስኪከፈት ሻይ ጠጥቼ እየተመለስኩ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት በሲዲ ላኩልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። የእኛ ቫይረስ እሱ ላይ አይሠራም፣ የተደበቀ ፋይልም ያሳያል ሲሉ አንብቤያለሁ። አድራሻዬ ብዬ የመሥሪያ ቤቱን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሞላሁ። "በነጻ? ከባሕር ማዶ? ለአንተ?" እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በበሩ ብቅ አሉ። ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም አሪ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። "ከውጭ የመጣ ነገር አለህ፣ ፈርመህ ውሰድ" አሉኝ። ሮጥኩ። ሲዲው ከፖስታው ወጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል። በሚያብረቀርቀው ጎኑ፣ "ገቢ" የሚል ትልቅ ክብ ማኅተም ከነቀኑ ከነቁጥሩ አርፎበታል።

"ጋሼ፣ ምነው እዚህ ላይ መቱት?"

"በዚያኛው በኩል ጽሑፍ አለበት" አሉ ረጋ ብለው። "ጽሑፍ ላይ ማኅተም አይመታም። ንጹሕ ቦታ ፈልጌልህ ነው።"

ምን ይባላል? ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሠርተዋል፤ ማኅተም ያላረፈበት ነገር በዚያ በር አልፎ አያውቅም። ኮምፒውተሩ የሚያነበው ያንኑ ንጹሑን ጎን ነው ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። አሳዘኑኝ፤ ግን ሳቄ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ። ባልደረባዬ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከፍታ ሽቶ አወጣችና መሐረብ ላይ ረጭታ "ያዝ፣ ጥረግ" አለችኝ። ቀስ እያልኩ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት። ማኅተሙ ለቀቀ፣ ቢሮው ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ሸተተ።

ሲዲውን አስገባሁት። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ አንጎራጎረ፣ ዝም አለ። ጋሼ ጥፋቱ ከብዷቸው ከኋላዬ ቆመዋል። የአሪ ልጅ የሆነችው የጽዳት ሠራተኛችንም መወልወያዋን ይዛ መጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ አዲስ ገጽ ብቅ አለ። ፍላሹን ሰካሁት። እነዚያ የማይረቡ ምልክቶች እንዳሉ አሉ፤ ከሥራቸው ግን ስም የሌለው አንድ ፎልደር አለ። ከፈትኩት። አርባውም ተረት ተደርድሯል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተነስቼ ጨፈርኩ፣ ወንበሬ ወደቀ፣ ጋሼን አቅፌ አዞርኳቸው። የማላውቃቸው ሰዎች የሠሩት ነገር ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ከጉድ አወጣኝ።

ባልደረባዬ አንዱን ተረት ከፈተች። እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ፈልጋ መሰለኝ፣ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ ጋሼ ፈገግ አሉ። አራተኛው ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ አፏን ያዘች። ቀጥሎ አንባቢዋም ማንበብ አቃታት፤ ሦስቱም ጠረጴዛውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ደስ ብሎኛልና አብሬ ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ነው የታወቀኝ፤ በምን እንደሚሳቅ ያልገባኝ እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ስድስት ዓመት ጂንካ ስኖር ገበያውንም ሥራውንም ሰላምታውንም በአማርኛ ተገላገልኩት፤ አጠገቤ ሁለት ዓመት ስትጽፍ አንድ ቀን ምን ይላል ብዬ አልጠየቅኳትም። አፈርኩ።

"ጋሼ፣ ምንድነው የሚለው?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን እየጠረጉ ሊነግሩኝ ጀመሩ። አንዲት ጦጣ ነበረች አሉ፣ አማቷ ቤት ሄደች አሉና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ቆሙ። ወደ ባልደረባዬ ዞር አሉ፤ እሷም አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"ተወው ልጄ" አሉኝ። "በአማርኛ አያስቅም።"

ወንበሬን አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና "እንግዲያው ከመጀመሪያው ቃል አስጀምሪኝ" አልኳት። ዓርብ ገምጋሚዎቹ መጽሐፉን ሲያሳልፉት እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርኩ፣ ጋሼ ፈገግ ያሉበት ላይ። እኔም እዚያው ፈገግ አልኩ።