የኡና ፈትል

ሃልዶራ በአይስላንድ ሰሜን ዳርቻ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር በሥርዓት ወዳድነቷ የታወቀች ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስትቆርጥና ስታሽግ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ያ የመደርደር አመሏ አብሯት ጡረታ አልወጣም። ልጇ አግብታ የለቀቀችውን ክፍል የክር ክፍል አደረገችው። ሃያ አራት መሳቢያ አስገባችበት፤ ነጩ ከላይ፣ ከዚያ ግራጫው፣ ቡናማው፣ ጥቁሩ፣ ከታች ደግሞ ቀለም የተነከረው። ክሩን ማን እንደሰጣት፣ ከየት እንደመጣ የሚናገሩትን ብጣሽ ወረቀቶች ሁሉ ለቅማ ጣለች። ለእሷ ክር ማለት ቀለሙ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከሳሎኑ በፊት ይህን ክፍል ታሳያለች፤ አይቶ ያላደነቀ ሰው ሁለተኛ ቡና አይቀዳለትም።

በዚያ አገር ለገና አዲስ ልብስ ያላገኘ ሰው የገና ድመት ይበላዋል ይባላል። ልጆቹ ያምናሉ፣ ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ ግን ካልሲም ብትሆን አዲስ ነገር ሳይሰጠው የሚቀር ሰው የለም። የሃልዶራ ቤተሰብ አሥራ አራት ነው። የአሥራ አራቱም ስጦታ ከእሷ ጣት ስለሚወጣ ከነሐሴ ጀምሮ የሹራብ መርፌዎቿ ሲንቀጫቀጩ ይውላሉ።

ጥፋቷን ያወቀችው በጥቅምት ነው። የሟች እህቷ የኡና ባል፣ ግሪሙር፣ በጎቹን ከተራራ አውርዶ ሲጨርስ ጎራ አለ። ግሪሙር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ቡናውን አጋምሶ፣

«ያ የኡና ክር አለ አይደል?» አላት።

«የቱ ክር?»

«የመጨረሻው ነዋ። አልጋ ላይ ሆና የፈተለችው። ሲመችሽ ሹራብ ሥሪልኝ ብዬ በከረጢት የሰጠሁሽ። ላጣድፍሽ አልፈልግም ብዬ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ከቆየሁ ግን ድመቱ እኔንም መብላቱ ነው።»

«አለ እንጂ፤ የት ይሄዳል» አለች ሃልዶራ። አፏ ከልቧ ቀደመ።

እሱ እንደወጣ የግራጫውን መሳቢያ ዘረገፈችው። የኡና ፈትል ግራጫ ስለነበር ከግራጫዎቹ ጋር ደባልቃው፣ ባለፉት ሁለት ገናዎች ለልጅ ልጆቿ ጓንትና ኮፍያ እያደረገች ፈጅታዋለች። የተረፈው እንቁላል የምታክል ጥቅል ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኡና ታናሿ ነበረች። ትንፋሽ እያጠራት እንዝርቷን አልለቅም ስትል ሃልዶራ አጠገቧ ነበረች። ያንን በዓይኗ አይታ እንዴት ረሳችው? ሊነግራት የሚችለውን ብጣሽ ወረቀት በገዛ እጇ ነው የጣለችው።

ልትነግረው ሁለት ጊዜ ስልክ አንስታ ሁለት ጊዜ መልሳ አስቀመጠችው። ምን ትበለው? የሚስትህን ክር ከሌላው ለይቼ ስላላወቅሁት ጨረስኩት ትበለው? በመጨረሻ ሰው ሲያፍር የሚያደርገውን አደረገች፤ ከሱቅ ያንኑ የመሰለ ግራጫ ገዝታ ሹራብ ጀመረች። በዕድሜዋ እንደዚያ አሳምራ የሠራችው ሹራብ የለም። ደረቱ ላይ ኡና የምትወደውን ጥለት አስገባችበት። በየረድፉ ታፍራለች፣ ግን አታቆምም።

የገና ዋዜማ፣ ከምሽቱ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገና መግባቱን የሚያበስረው የቤተ ክርስቲያን ደወል በሬዲዮ ተሰማ። እራት ተበላና ስጦታ መፍታት ተጀመረ። ግሪሙር ሹራቡን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። እጅጌውን በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ደግሞ ዳሰሰው።

«እንዴት ለስልሷል» አለ። «ኡና ስትፈትል ወሬ ስለማታቆም ክሯ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይቀጥናል። ስነግራት ‹አንተ በግህን ጠብቅ› ትለኝ ነበር። ይሄ አንድም ጉጥ የለውም። ለካ መጨረሻ ላይ ተክናበት ነበር፤ ሳላደንቅላት ሄደች።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሃልዶራ ጠርጥሯት ቢሆን ኖሮ ሽምጥጥ አድርጋ ትክድ ነበር። እሱ እሷን ማመኑን ነው መሸከም ያቃታት።

«የእሷ አይደለም» አለች። «የሱቅ ክር ነው፣ ግሪሙር። የኡናን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ስጨርሰው የእሷ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። በጥቅምት ከጠየቅከኝ ወዲህ ግን አውቄ ነው የዋሸሁህ።»

«ታዲያ የት ገባ?» አለ ግሪሙር።

«እነሱ ላይ» ብላ ልጆቹን አሳየችው። «የብሪንያ ጓንት፣ የወንድሞቿ ኮፍያ... ነገውኑ ተርትሬ እሠራልሃለሁ።»

የልጅ ልጇ ብሪንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጓንቷን ከኮቷ ኪስ አምጥታ ሰጠችው። ግሪሙር ሹራቡን ወደ ጎን አድርጎ ጓንቱን ይዳስስ ጀመር። መዳፉ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ አንድ ጉጥ አገኘና እዚያው ቆመ።

«እንዳትተረትሪው» አለ።

«ታዲያ በምን ልካስህ?»

«በክሩ አልተቀየምኩም። ኡናም ብትሆን ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ነበር የምትሠራው።» ጓንቱን ለልጅቱ መለሰላት፤ እሷም ወዲያው አጠለቀችው። «ግን ሃልዶራ፣ ከጥቅምት ወዲህ ይህቺ ልጅ እሑድ እሑድ በጎቹን ልናይ ስንሄድ ይህን ጓንት አጥልቃ እጄን ይዛኝ ነበር የምትሄደው። ኡና እጄ ውስጥ ነበረች። አንቺ ይህን ታውቂ ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር።»