የውሰት ማር

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ቦንጋ ላይ ከዝናቡ ይልቅ የሚበረታው እርግማኑ ነበር። መንግሥት ለትናንሽ ነጋዴዎች ያወጣው አዲሱ የቀን ገቢ ግምት ለየባለሱቁ ተነግሮ፣ የከተማው ሰው ሰላምታውን ትቶ "ስንት አሉህ? ስንት አሉሽ?" እየተባባለ ይተላለፍ ነበር። ከገበያው በላይ ባለው ረድፍ ማርና ኮረሪማ የምትሸጠው የሺሃረግ ግን ለማንም አትመልስም። ጥርሷን ነክሳ ባልዲዋን ትወለውላለች። የተገመተባት ገቢ በረድፉ ካሉት ማር ሻጮች ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ግብሩን ብትከፍል ሱቁ አይኖርም፣ ባትከፍልም አይኖርም። ይበልጥ የሚያቃጥላት ግን ለምን እንደዚያ እንደተገመተባት አሳምራ ማወቋ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ፣ ለልጇ ለሶሲ ሽማግሌ ሊመጣ ነው በተባለ ሰሞን ነው።

ሶሲን ያሳደገቻት ብቻዋን ነው። ባሏ ሙሌ የማንኪራ ገጠር ሰው ነበር፤ ከጫካው ቀፎ እያወረደ፣ ማሩን በትከሻው ተሸክሞ ቦንጋ የሚወጣ። እሷ የተወለደችው እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ከሰሜን መጥተው ከቀሩ ሰዎች ቤት ነው፤ ማር ማለት ለእሷ ጠጅ የሚጣልበት ነገር ብቻ ነበር። ጌተም የሚባለውን ዛፍ ነጭ ማር ከሌላው አበባ ማር በምላስ መለየት ያስተማራት እሱ ነው። ዐይንሽን ጨፍኚ ይላትና ያስልሳታል። "የየትኛው ዛፍ ነው?" ስትሳሳት ይስቃል፤ ሳቁ ከሱቁ አልፎ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እሱ ሲሞት ሶሲ ገና ትድህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሺሃረግ ዐይኗን ጨፍና ማር ቀምሳ አታውቅም። የሙሌ ወንድሞች ማሩን ያመጡላታል፣ እሷ ትሸጣለች፤ ሶሲ ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች። ያ ሁሉ የወጣው ከዚያች ጠባብ ሱቅ ነው።

ሽማግሌ ይመጣል ሲባል የሺሃረግ ጭንቅ ያዛት። ሶሲን የፈለጋት ልጅ ወገኖች ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ መሪ ሽማግሌው አጎቱ ጋሽ ከፈለኝ፣ በከተማው የታወቁ ሰው። የእሷ ቤት ከሱቁ ኋላ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ እንግዳ የሚቀመጠው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ዋናው ማር ደግሞ ገና ከጫካ አልወረደም፤ መደርደሪያዋ ተራቁቷል።

"አባት የሌላት የድሃ ልጅ አገባን ብለው ነገ በልጄ ላይ ቢያነሱባትስ?" አለች፣ ለወሰንየለሽ።

ወሰንየለሽ በሚቀጥለው ሱቅ ማር የምትሸጥ ጓደኛዋ ናት፤ አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። ሶሲ ያደገችው በሁለቱም ጉያ ነው።

"ይኼ ያስጨንቃል እንዴ? የኔን ውሰጂ!" አለቻት። "ሁሉንም። ሲወጡልሽ ትመልሺልኛለሽ።"

ለድግስ ብርጭቆና ወንበር እንደሚዋዋሱት ሁሉ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱ ሴቶች እየተሳሳቁ ባልዲውንና ጀሪካኑን አመላለሱ። የኮረሪማው ጆንያ ሳይቀር መጣ። የሺሃረግ ሱቅ እስከ ጣሪያው ሞላ፤ የወሰንየለሽ ባዶ ጣውላ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ። ጋሽ ከፈለኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ፣ ሦስት ሰዎች ክላሰር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የገቢ ገማቾቹ ነበሩ። ከመካከላቸው ኢያሱ የሚባለው ወጣት፣ ለሥራው ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ እንግዳ አለ ብሎ ልመለስ እንኳ አላለም። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየና፦

"እናቴ፣ ይኼ ሁሉ የእርስዎ ነው?" አላት።

የሽማግሌዎቹ ዐይን ዞረባት።

"የኔ ነው" አለች።

"በቀን ጥሩ ይሸጣሉ ማለት ነዋ?"

ጋሽ ከፈለኝ ያልሰሙ ለመምሰል ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አይጎድልብኝም" አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ወጣቱ ጻፈ። ከዚያ ወደ ወሰንየለሽ ሱቅ አለፉ፤ ባዶ ጣውላ አዩ፤ እሱንም ጻፉ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ የሺሃረግ ሮጣ ለገማቾቹ እውነቱን ልትነግራቸው አሰበች። ወሬው ለጋሽ ከፈለኝ ጆሮ ቢደርስስ? ተወችው። ሶሲ ተፈቀደች፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ሰኔ ሲያልቅ ሬዲዮው ስለ አዲሱ የበጀት ዓመት፣ ስለ ቢሊዮኑና ስለ እድገቱ ሲለፍፍ ሰነበተና ግምቱ ወጣ። ከማር ሻጮቹ የሺሃረግ የሁሉም የበላይ፣ ወሰንየለሽ የሁሉም የበታች ሆኑ።

ወሰንየለሽ በዚያን ቀን ልትስቅ ሞክራ ነበር። "ጉድ እኮ ነው የሺ፤ የኔን ማር አንቺ ላይ ጻፉት!" የሺሃረግ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ ጎረቤቷ ስለ ግብር ትንፍሽ አላለችም። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ትላለች፣ ዐይኗን ግን መሬት ላይ ትተክላለች። የሺሃረግ "ነይ አብረን ሄደን እንንገራቸው ትለኛለች" እያለች በየቀኑ ጠበቀች። ዝም። ግምቱስ የባዕድ ነው፤ አንጀቷን ያሳረራት ያ ዝምታ ነው።

በመጨረሻ ቅሬታ ያለው ሁሉ አዳራሽ ይምጣ ተባለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። መጀመሪያ የተነሣው ፀጉር አስተካካዩ ሣህሌ ነበር።

"ለኔ የገመታችሁት እኮ የቦንጋ ሰው በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ በየቀኑ ቢላጭ ነው! እኔ ራሴ መላጣ ነኝ፤ ኧረ እኔን እንኳ ቀንሱልኝ!"

አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚናከስ ሳቅ ነበር። አንዲት ሻይ ሻጭ ቀጠለች፦ "ውሃ የምትለቁልን በሳምንት አንዴ ነው። ያን ሁሉ ሻይ በምን አፈላሁት? በዕንባዬ?"

"ወገኖቼ፣ ግብር የልማት መሠረት ነው" አሉ መድረክ ላይ ያሉት ሰብሳቢ። "ስሜታዊ አንሁን።"

"ስሜታችንንም ገምቱትና ግብር ጣሉበት!" አለ አንዱ ከኋላ።

የሺሃረግ ተራዋ ደረሰ። ስትነሣ ኢያሱን ከሰብሳቢው ጎን አየችው። ጋሽ ከፈለኝ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ወሰንየለሽ ግድግዳው ሥር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባለች። የሺሃረግ ግምቱ ከገቢዋ በላይ መሆኑን ተናገረች።

"እናቴ፣ እኔ በዐይኔ ነው ያየሁት" አለ ኢያሱ። "ሱቅዎ ሞልቶ ነበር። የኔ ነው ብለውኛል።"

"ዋሽቼ ነው!"

የሺሃረግ ወደ አዳራሹ ዞረች።

"ማሩ የውሰት ነው። ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ ተቀምጦልኝ፣ ጓዳዬን ለመሸፈን የሰው ዕቃ ደርድሬ ነው። አንተ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ገበናሽን ግለጪ አልከኝ! ምን ልበልህ? አንተ እናት የለህም?"

ኢያሱ አንገቱን ደፋ። ሰብሳቢው ግን ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "የማን ነበር ማሩ? ባለቤቱን ይንገሩንና ግምቱን ወደ እሱ እናዞረዋለን። ቀላል ነገር ነው" አሉ።

ቀላል ነገር! ሰሞኑን ሰው ሁሉ የጎረቤቱን መደርደሪያ በጎን የሚያየው ለካ ለዚህ ነው። የወሰንየለሽ ስም የሺሃረግ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ሱቁ ይዳን፤ እሷም ትቅመሰው፤ ምን አደረገችልኝ? ግድግዳው ሥር ያለችው ሴት ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ቀና አላለችም፤ አልተነሣችም።

"አልናገርም" አለች የሺሃረግ።

"እንግዲያው ግምቱ ይጸናል።"

"ይጽና! እኛን መግፈፍ አንሷችሁ፣ እርስ በርሳችን እንድንገፋፈፍ ነው የምትፈልጉት? ያለኝን ሸጬ የዘንድሮውን እከፍላችኋለሁ። ከዚያ ሱቁ ተዘግቷል፤ መጥታችሁ ባዶ ጣውላ ገምቱ!"

አዳራሹ ተናወጠ። ሰው ወለሉን በእግሩ ደበደበ፤ "እንዝጋው! ሁላችንም እንዝጋው!" የሚል ጩኸት የሰብሳቢውን ድምፅ ዋጠው። እሷ ግን መጨረሻውን አልጠበቀችም፤ እየተጋፋች ወጣች።

በረንዳው ላይ ጋሽ ከፈለኝ ባርኔጣቸውን ይዘው ደረሱባት።

"ወይዘሮ የሺሃረግ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ተብሎ ነው?"

"ለልጄ ብዬ ነው።"

"ባዶም ቢሆን እኮ እንወስዳት ነበር።"

"ልጄ ዕቃ አይደለችም የምትወስዷት!" ብላ ጮኸችባቸው። "ደግሞ ይኼን ዛሬ ነው የሚነግሩኝ? ያኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ የነበሩት ማን ናቸው?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"እውነትዎን ነው" አሉ። "እርስዎ ይቆጡን። ሰርጉ ግን በጥር ነው።"

የሺሃረግ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ረድፉ ወረደች። የሱቋን በር ስትከፍት ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

"የሺ! የሺዬ፣ ቁሚልኝ!" ወሰንየለሽ በስብሳለች። "ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። በልጆቼ እምላለሁ። እዚያ ፈርቼ ነው ያልተነሣሁት..."

"ብትነግሪያቸው ባንቺም ላይ ይጭናሉ እንጂ ከኔ አይቀንሱም። አፍሽን ያዢ።"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?"

"ዛሬ ምንም። ዛሬ አትምጪብኝ፤ ዛሬ ፊትሽን ካየሁ ኋላ የማልመልሰውን ነገር ነው የምናገረው። ነገ ነይ።"

በሩን ዘጋችባት። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው ማዶ የወሰንየለሽ በር ተከፈተ፤ በርጩማ ሲሳብ ተሰማ። የሺሃረግ ነጠላዋን አገልድማ ለሽያጭ የሚወጡትን ባልዲዎች ከመደርደሪያው ማውረድ ጀመረች። እያንዳንዱን መሬት ላይ የምታሳርፈው ግድግዳው ማዶ እንዲሰማ አድርጋ ነበር።